በዚህ ኑሮ ውድነት ውጭ አገር ለጎልፍ? የድሬ ልጆች ክርክር

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። አንድ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ፤ በደንብ እንከራከርበት። ማንቸስተር ያለው ጓደኛችን ዘንድሮ ለእረፍቱ ቱርክ ሄዶ ጎልፍ ሊጫወት ነው። ሆቴሉ፣ ምግቡና ሜዳው አንድ ላይ የተከፈለበት የሰባት ቀን ጉዞ አግኝቷል። «ርካሽ ነው» ይላል። ባለፈው ወር ለእድራችን ድንኳን ስናዋጣ «እጅ አጥሮኛል» ያለውም እሱ ነው። ጉዳዩን እዚህ አምጣው ያለኝ ራሱ ስለሆነ ሐሜት አይደለም።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኑሮ እንዲህ በተወደደበት ጊዜ ውጭ አገር ሄዶ መዝናናት ይገባል? ወጪው ካልቀረ ደግሞ ለምን ድሬ አይመጣም? እኔ አይገባም ባይ ነኝ።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
አቦ፣ ድንኳኑን አልረሳሁትም። የዚያን ወር የቤት ኪራይና የመብራት ሂሳብ ተደራርቦብኝ ነው። በሚቀጥለው ወር እልካለሁ።

አሁን ስለ ጎልፍ ልንገራችሁ። እናንተ ጎልፍ ስትሰሙ ሚኒስትርና ሚሊየነር ነው የሚታያችሁ። እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። እዚህ የማዘጋጃ ቤት ሜዳ አለ፤ ማንም ከፍሎ ይገባል። ዱላዎቼን የገዛሁት ካንድ ጡረተኛ ነው። ሕጉ እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቅዳል፤ የእኔ ቦርሳ ውስጥ ያሉት ዘጠኝ ናቸው። የአንዱ እጀታ ጎማው ተልጦ በፕላስተር ጠቅልዬዋለሁ። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጬ ስውል ወገቤ ይደርቃል። 18ቱን ጉድጓድ በእግሬ ዞሬ ስጨርስ አራት ሰዓት ያህል ሄጃለሁ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው ሰው የምሆነው።

ርካሽ ያልኩትም ዝም ብዬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የገንዘብ ቀውሱ ሲመጣ ብዙ የእንግሊዝ ጎልፈኞች ጨዋታውን አልተዉም፤ አገር ነው የቀየሩት። በ2007 መጀመሪያ አንድ ፓውንድ ወደ 1.50 ዩሮ ይመነዘር ነበር። በ2008 መጨረሻ አንድ ለአንድ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ስፔንና ፖርቱጋል ባንዴ ተወደዱ። ስለዚህ ሰው በዩሮ ወደማይገበያዩት አገሮች፣ ወደ ቱርክ፣ ወደ ሞሮኮ፣ ወደ ቱኒዚያ ዞረ። አንታሊያ አጠገብ ቤሌክ የምትባል ቦታ አለች። የመጀመሪያው የጎልፍ ሜዳዋ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። አሁን ሜዳው በሜዳ ላይ ነው። እኔም የምሄደው እዚያ ነው። ወቅቱ ቀዝቀዝ ሲል እሄዳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ተራ እይዛለሁ፣ ክፍል ለሁለት እንጋራለን። እንዲህ ተደርጎ ነው የሚረክሰው።

የሳቢያኗ፦
ወንድሜ፣ ላብህ ነው፤ ማንም አይከለክልህም። ግን «ርካሽ» የሚለውን ቃል ቆም ብለን እንየው። እኔ የምሠራው መድኃኒት ቤት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ ይወሰን ሲባል፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙ ሳይቆይ 100 አለፈ። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ስኳር ያለባቸው አንዲት እናት መጡ። ሁልጊዜ የወር ክኒን ነበር የሚወስዱት። ዋጋውን ስነግራቸው መቀነታቸውን ፈቱ፣ ቆጠሩ፣ መልሰው ቋጠሩ። «ልጄ፣ የአሥር ቀኑን ብቻ ቁረጪልኝ» አሉኝ። በመቀስ ስቆርጥ ዓይናቸው እጄ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ቆመን ነው ስለ ጎልፍ የምናወራው። ቱርክ የሚቀረው ገንዘብ እዚህ ስንት ክኒን እንደሚሆን እኔ በየቀኑ አየዋለሁ።

የታይዋን ነጋዴ፦
እህቴ፣ ያልሽው ያማል። ሂሳቡን ግን ላስተካክል። እኔ በምነግድበት በድሬው ታይዋን ገበያ በ57 ብር ዶላር ያገኘ ነጋዴ አላየሁም። በጥቁር ገበያ 100 ያለፈው ከዚያ ሐምሌ በፊት ነው፤ የእኛ ዕቃ ቀድሞ ነው የተወደደው። የአገርን ችግር ማንቸስተር ባለ አውቶቡስ ነጂ እረፍት ላይ አንጫን። ሰው ዓመት ሙሉ ሠርቶ፣ ለቤተሰብ ልኮ ሰባት ቀን ቢያርፍ ምኑ ነው ነውሩ? እኔ ራሴ ለዕቃ ጅቡቲ ስወርድ ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ አንድ ቀን ባሕሩ ዳር እቀመጣለሁ። ያቺ ቀን ባትኖር ሱቁን እስካሁን ዘግቼው ነበር።

ደግሞ ሐሳብ አለኝ። ድሬ ራሷ ለምን የጎልፍ ሜዳ አይኖራትም? አዲስ አበባ አሮጌው ኤርፖርት አካባቢ አለ። ናይሮቢ በእንግሊዞች ዘመን የተሠሩት ሜዳዎቿ ዛሬም እንግዳ ይስባሉ፤ ቦርሳ የሚሸከሙት ካዲዎች በዚያ ሥራ ነው የሚተዳደሩት። እኛስ ምን ያንሰናል?

ገንደ ቆሬ፦
ውሃው ከየት ይመጣል? እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው። ጀሪካን የያዘች እናት ሳላሳፍር የምውልበት ቀን የለም። ለሣር የሚሆን ውሃ ካለ መጀመሪያ እነሱ ቤት ይግባ።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
ሣር የግድ አይደለም። ዱባይ የመጀመሪያው ትልቅ የሣር ሜዳ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከዚያ በፊት እዚያ ይሠሩ የነበሩት ፈረንጆች አሸዋ ላይ ነበር የሚጫወቱት። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ሰው ሠራሽ ሣር ይዞ ይዞራል፤ ኳሷን እሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል። ጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን አሸዋ ደግሞ በዘይት ለውሰው ይደለድሉታል፤ ኳስ እንዲንከባለልበት። አሸዋማ ከድሬ በላይ ማን አለው? ከተማችንን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ እኮ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው።

ገንደ ቆሬ፦
ደቻቱን ተወው ወንድሜ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ሊያልቅ ሲል ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። ዝናቡ የጣለው ደጋው ላይ ነው፤ ሰዉ ተኝቶ ነበር። ደረቅ ሲመስል ነው የሚያታልለው። እዚያ ላይ ምንም ይሠራ ሲባል ሆዴ ይባባል።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
ልክ ነህ። ይቅርታ፤ ሐሳቤን አንስቻለሁ።

ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፦
ልጆቼ፣ ነገሩን በሌላ በኩል እንየው። እኛ ከተማ ራሷ የሰው ማረፊያ ናት እኮ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደርሶ ድሬ ከተቆረቆረች ወዲህ ከጅቡቲ ጋር ያልተገናኘንበት ቀን የለም። በሰኔና በሐምሌ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሲነሳ ጅቡቲ አያስቀምጥም። እኛ ከባሕሩ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ስላልን ለእነሱ ቀዝቃዛ አገር ነን። በሥራ ዘመኔ ያን ሰሞን የሚመጣው ባቡር እናትና ሕፃን ብቻ ይመስል ነበር። ወርደው ቤት ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዋጋ አልነበረም። «ውሃ አለ?» ነበር የሚሉት። እናትየዋ ራሷ ገብታ ቧንቧውን ትከፍታለች።

አሁን ሂሳቡን ላሳያችሁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ወዲህ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከ72 ሳንቲም ነው፤ አልተነቃነቀም። የታይዋኑ ልጅ እንዳለው ገበያው ቀድሞ ነበር፤ እኔ ግን በባንኩ ላስላው። 10,000 ፍራንክ 56 ዶላር ገደማ ነው። ዶላር 57 ብር ሲሆን 3,200 ብር ይሆናል። 120 ሲገባ 6,750 ደረሰ። ሰውዬው ደሞዙ አልጨመረም። የእኛ ብር ወረደና እሱ ባለእጥፍ ሆነ። ለማንቸስተሩ ልጅ ቱርክ ምን እንደሆነች፣ ለጅቡቲ ሰው ድሬ ያው ናት። ለምን መጣችሁ ብለን ተቆጥተናቸው እናውቃለን? ቤት ጠርገን ነው የምንጠብቃቸው።

የሳቢያኗ፦
ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እኔ ተቆጥቼ አውቃለሁ። አንድ ሰኔ አከራዬ መጥቶ «ለሁለት ወር ልቀቂልኝ፣ ከጅቡቲ የመጡ ቤተሰቦች እጥፍ ይከፍሉኛል» አለኝ። ሁለት ልጆቼን ይዤ እህቴ ቤት አንድ ክፍል ውስጥ ከረምን። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ስመለስ ኪራዩ ጨምሮ ጠበቀኝ። እንግዶቹን አልጠላሁም። እንዲያውም ልጆቻቸው አዲስ ኳስ ለልጆቼ ትተው ሄደዋል። ግን የእንግዳ ገንዘብ ከተማ ገባ ሲባል ማን እጅ ገባ ተብሎ ይጠየቅ። ቱርክም ቢሆን እንደ እኔ የለቀቀች ሴት ትኖራለች።

ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፦
ይሄን አላውቅም ነበር፣ ልጄ። አከራይሽ አጥፍቷል።

የጀጎሏ፦
ከሐረር ነኝ፤ እኔም ልናገር። ጀጎል ውስጥ የእናቴን ቤት ለእንግዳ አከራያለሁ። በየጠዋቱ መደቦቹን ምንጣፍ አለብሳለሁ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሰፌዶች አንድ በአንድ አውርጄ አቧራቸውን እጠርጋለሁ። እንግዳ ባይኖርም አደርገዋለሁ፤ ሰው ሲመጣ ልድረስ ብል አልደርስማ። ጀጎል በዩኔስኮ ከተመዘገበች እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ስሟ በዓለም አለ። የፀጥታ ወሬ በተሰማ ቁጥር ግን ፈረንጁ ይቀራል። ያን ጊዜ ሊያቆመን የሚችለው የራሳችን ሰው ነው። የራሳችን ሰው ደግሞ ቀን መጥቶ ሐሊዋ ይገዛል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ያያል፣ ወዲያው ወደ ድሬ ይመለሳል። አያድርም። አንድ ሰው ሁለት ሌሊት ቢያድር አንሶላ አጣቢዋ ይከፈላታል፣ እንጀራ የምትጋግርልኝ ጎረቤቴ ይከፈላታል። የማንቸስተሩ ወንድሜ፣ ቱርክ አትሂድ አልልህም። እዚህ ለምን እንደማትመጣ ግን ንገረን።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
እሺ፣ እውነቱን ልናገር። ድሬ ስመጣ እረፍት አይደለም። ባለፈው የመጣሁ ጊዜ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ጫማና ስልክ ነበር። ለስንት ሰው ምን እንደምሰጥ ወረቀት ላይ ጽፌ ነው አውሮፕላን የተሳፈርኩት። ያም ሆኖ አንድ የአክስቴ ልጅ ሳይደርሰው ቀረ፤ እስከዛሬ አያናግረኝም። ሦስት ሳምንት ቆይቼ የተበደርኩትን ለመክፈል ስምንት ወር ትርፍ ሰዓት ሠራሁ። ቱርክን ሦስቴ ያስኬደኝ ነበር። ቤሌክ ማንም አያውቀኝም። ማንም ከእጄ ምንም አይጠብቅም። ኳሷን መትቼ ተከትያት እሄዳለሁ፣ በቃ። አገሬን ጠልቼ አይደለም። ድሬን በሕልሜ የማያት ከዚራ ዛፎቹ ሥር ነው። ይሄን እስከዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ገንደ ቆሬ፦
ዋሪያ፣ ባዶ እጅህን ና። ማን ምን ይልሃል?

የታይዋን ነጋዴ፦
ብዙ ሰው ይላል። አንዋሽ። እኔም ዳያስፖራ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣውን ነው መጀመሪያ የማየው።

የከዚራ ልጅ፦
ጥያቄውን ስጽፍ ይሄን አላሰብኩትም። ድንኳኑን ያነሳሁብህም አሳፍሮኛል፤ ባለፈው የመጣህ ጊዜ ስልክ ከሰጠሃቸው አንዱ እኔ ነኝ። ቢሆንም ከሐሳቤ ሙሉ በሙሉ አልወረድኩም። ከሰባቱ ቀን አራቱ እንኳ እዚህ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር።

የሳቢያኗ፦
እኔም አልወረድኩም። የመቀነቷ ነገር ከዓይኔ አይጠፋም። ግን ባዶ ሻንጣ ይዞ መምጣት መብት መሆን አለበት። እሱ ላይ ካንተ ጋር ነኝ።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
የቱርኩ ተከፍሏል፤ ቢቀርም ገንዘቡ አይመለስም። እሄዳለሁ። ለጥር ደግሞ አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ። ድሬ እመጣለሁ፣ ሁለቱን ሌሊት ጀጎል አድራለሁ። ሻንጣዬ ውስጥ የእኔ ልብስ ብቻ ነው የሚኖረው፤ ከአሁኑ ለዘመድ አሰሙልኝ። የምከራየው ቤት እፈልጋለሁ። ሰው የሚለቅበት ከሆነ ግን ይቅርብኝ።

ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፦
የእኔ ጓሮ ሁለት ክፍል አለ። ልጄ ካናዳ ከሄደች ወዲህ ማንም አይኖርበትም። ኪራይ ትከፍለኛለህ፤ በነፃ አላልኩም።

የለገሃሬ ልጅ፣ ከማንቸስተር፦
እከፍላለሁ ጋሼ። ውሃ አለ?

ጡረተኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፦
በሦስት ቀን አንዴ ይመጣል። ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ አለኝ። ማታ ማታ ነው የምንሞላው።