ሄልሜት ምልክቱ ላይ ምን አጠፋሁ? ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ ትመለሳለች

ባለ በርና መስኮት፦
ወገን ቶሎ ድረሱልኝ። ዛሬ የብረት በርና መስኮት የምሠራበት ቤት ተቆጣጣሪ መጥታ የለጠፍኳቸውን ምልክቶች አየችና "ይሄ ይነሳ፣ ጭራሽ ተቃራኒውን ነው የሚለው" ብላኝ ሄደች። ነገ 3 ሰዓት ትመለሳለች። ምኑ ተቃራኒ እንደሆነ ሳልጠይቃት ስልክ ተደወለላትና ወጣች። ስድስት ስቲከር ነው ያሳተምኩት፣ ሁሉም ቀይ ክብ ከነሰረዙ። ጽሑፉን ሦስቴ አንብቤዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። "ያለ ሄልሜት መግባት ክልክል ነው"፣ "ያለ መነጽር መቁረጥ ክልክል ነው" ነው የሚለው። ሁለቱ ደግሞ ከአሁኑ ከግድግዳው ተላቀው ወድቀዋል።

የሰፈር ልጅ፦
ሰረዙ ምን ላይ ነው ያረፈው?

ባለ በርና መስኮት፦
ሄልሜቱ ላይ። ሌላው መነጽሩ ላይ። ምን ችግር አለው?

የሰፈር ልጅ፦
በሳቅ ገደልከኝ! ሄልሜት ያደረገ ሰው እንዳይገባ ከልክለሃላ። ማንበብ የማይችል ልጅ ስዕሉን አይቶ አውልቆት ነው የሚገባው።

ባለ በርና መስኮት፦
እንዴ፣ ከሥሩ ተጽፏል እኮ።

ጋሽ ሴፍቲ፦
ወንድሜ፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ምልክት የተፈጠረው ለማያነብ፣ ቋንቋውን ለማያውቅና ለቸኮለ ሰው ነው። ስለዚህ ቀለሙና ቅርጹ ራሳቸው ይናገራሉ። ቀይ ክብ ከሰረዝ ጋር "አታድርግ" ነው። ሰማያዊ ክብ በነጭ ስዕል "አድርግ" ነው። ቢጫ ሦስት ማዕዘን በጥቁር ጠርዝ "ተጠንቀቅ"። አረንጓዴው መውጫና የመጀመሪያ እርዳታ፣ ቀዩ አራት ማዕዘን ደግሞ የእሳት ማጥፊያ ቦታ ነው። ይህ ሁሉ አይኤስኦ 7010 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ አለ። አረንጓዴው ላይ በበር የሚሮጠውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ? ዩኪዮ ኦታ የሚባል ጃፓናዊ ነው የነደፈው። እሱ ሰውዬ ዛሬ አዲስ አበባ ሕንፃዎች ውስጥም ይሮጣል። አንድ ቃል ሳይኖርበት ሁሉም ይገባዋል። ወደ ሰረዙ ስንመለስ ደግሞ ከላይ ግራ ወደ ታች ቀኝ ነው የሚወርደው፤ በተቃራኒው ያሰመሩትንም ብዙ አይቻለሁ፣ በተለይ

ዝምተኛው፦
ጋሼ፣ ልጁ ያለው እስከ ነገ 3 ሰዓት ነው።

ጋሽ ሴፍቲ፦
ያልታወቀ ነገር ሁሌም አስቸኳይ ነው። ይሁን። ለሄልሜት ኤም014፣ ለዓይን መነጽር ኤም004፣ ለብየዳ ማስክ ኤም019 ብለህ ጉግል አድርግ። ፊደሉን በእንግሊዝኛ ጻፈው። ሁሉም ሰማያዊ ናቸው።

ባለ በርና መስኮት፦
ሰማያዊ ክብ የመንገድ ምልክት አይደለም እንዴ?

ዝምተኛው፦
መንገድ ላይም ያው ነው። ሰማያዊ ክብ ውስጥ ቀስት ካየህ "በዚህ ሂድ" ተብለሃል።

የማተሚያ ቤቷ፦
እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ ጥፋቱ የጋራ ነው። ደንበኛ "ክልክል ነው" ብሎ ከጻፈልን ዲዛይነሩ ቀዩን ክብ ያወጣና ሰረዙን ያሳርፍበታል፣ አለቀ። እኛ አገር ደግሞ ሁሉም ነገር በ"ክልክል ነው" ነው የሚጻፈው። አረፍተ ነገሩን ገልብጠው፦ "ሄልሜት ያድርጉ"፣ "መነጽር ያድርጉ"። ያኔ ማንም ዲዛይነር አይሳሳትም። ለማተሚያ ቤቱ ዛሬ ማታ ቴሌግራም ላይ ላክለት፣ ስድስት ስቲከር የ20 ደቂቃ ሥራ ነው። በር ላይ ውጭ የሚለጠፈውን ላሚኔት ይደረግልኝ በል፣ ቀይና ቢጫ ፀሐይ ቶሎ ይበላዋል።

አራዳው፦
በ"ክልክል ነው" ያለችው እውነት ነው። እኛ ሰፈር "መሽናት ክልክል ነው" የተጻፈበት አጥር ነው ከሁሉም የሚረጥበው። "ኃይለኛ ውሻ አለ" የሚል ግቢ አለ፣ ውሻው ጥርስ የለውም።

የብረት ልጅ፦
ስቲከሩ የወደቀው ግድግዳው በኖራ ስለተቀባ ነው፣ ዱቄት ላይ ምንም አይዝም። አንተ ደግሞ በርና መስኮት እየሠራህ ላሜራ አጣህ? ቁርጥራጭ ላሜራ ላይ ለጥፈው፣ አራት ቀዳዳ ብሳ፣ በፊሸር ግድግዳ ላይ እሰረው።

እውነቱን ልናገር፦
ይቅርታ ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው። ስቲከር ዓይን አያድንም። ስንት መነጽር አለህ?

ባለ በርና መስኮት፦
ሁለት። ልጆቹ አምስት ናቸው። አንዱ ተጫጭሮ ብዙ አያሳይም።

እውነቱን ልናገር፦
በቃ! የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 መከላከያውን የምታቀርበው አንተ ነህ ይላል። አጠቃቀሙንም ማስረዳት ያንተ ነው። "መነጽር ያድርጉ" ብለህ ለጥፈህ መነጽር ከሌለ የገዛ ግድግዳህ መሰከረብህ ማለት ነው። ነገ ከሷ በፊት ሦስት መነጽር ግዛ።

ባለ በርና መስኮት፦
ልጆቹ ቢሰጣቸውም ግንባራቸው ላይ ነው የሚሰቅሉት።

አራዳው፦
የፀሐይ መነጽር መስሏቸው ነው።

የሰፈር ልጅ 2፦
ወንድም ቀዩን ወደ ሰማያዊ ቀይረው።

ዝምተኛው፦
ከላይ ተብሏል።

ጋሽ ሴፍቲ፦
አንድ ነገር ሳልጠይቅህ። ቀለም ትቀባለህ? ቲነሩ የት ነው የሚቀመጠው?

ባለ በርና መስኮት፦
በግራይንደር ብረት የምንቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር። ለመያዝ እንዲቀል።

ጋሽ ሴፍቲ፦
ስቲከሩን ተወውና አሁኑኑ እሱን አውጣ! የቲነር ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ለወለል ነው የሚሄደው። የግራይንደር ፍንጣሪ ሜትሮች ይዘላል። ክዳኑን ገጥመህ ከመቁረጫውና ከብየዳው ርቆ፣ አየር ባለበት፣ በብረት ሳጥን አስቀምጠው። እዚያ ላይ ነው ቀዩ ክብ የሚገባው፣ በክብሪት ነበልባል ላይ ሰረዝ። ፒ003 ነው። አየህ፣ ቀዩን የምትጥለው አይደለም፣ ቦታው ሌላ ነው።

የማተሚያ ቤቷ፦
"ማጨስ ክልክል ነው" የሚል ካለህም እንዳትጥል፣ እሱ ትክክለኛ ቀይ ነው። አዋጅ 1112/2011 በዝግ የሥራ ቦታ ውስጥ ከልክሎታል፣ ከበርና ከመስኮትም እስከ 10 ሜትር።

ባለ በርና መስኮት፦
ቲነሩን አወጣሁት። ማተሚያ ቤቱ ስልክ አያነሳም። ላሜራ እየቆረጥኩ ነው፣ ካልሆነ በሰማያዊ ቀለም በእጄ እስለዋለሁ።

የብረት ልጅ፦
መነጽር አድርገህ ነው የምትቆርጠው?

አራዳው፦
ዝም አለ። ግንባሩ ላይ ነው።

የሰፈር ልጅ፦
(በማግስቱ፣ 6 ሰዓት) ወንድሜ፣ መጣች? ምን አለችህ?

ዝምተኛው፦
(ከሦስት ቀን በኋላ) እኔም ልጠይቅ ነበር።

ባለ ዳቦ ቤት፦
እኔ ደግሞ ምድጃ አጠገብ የምለጥፈው ቢጫ ምልክት በሙቀት እየተቀረደደ ተቸገርኩ። ላሜራው ለዚህም ይሆናል?