ታኮራዲ ላይ በምን እንውረድ? በመርከቡ ቱር ወይስ በአገሬው ቫን?

አስተባባሪዋ፦
ሰላም ቤተሰብ። የክሩዙ ነገር በስልክ አላግባባንም፤ እዚሁ እንጨርሰው። አዲስ ለገባችሁ ባጭሩ፦ መርከባችን ጋና ውስጥ ታኮራዲ ወደብ ጠዋት 2 ሰዓት ገብታ ማታ 12 ሰዓት ትነሳለች። አብዛኞቻችሁ ማየት የምትፈልጉት የባሪያ ንግድ ግንቦቹን ነው፤ ኬፕ ኮስትንና ኤልሚናን። ሁለቱም ታኮራዲ ውስጥ አይደሉም። ኤልሚና 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ኬፕ ኮስት ከዚያ ትንሽ አለፍ ይላል። መርከቡ ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚያሳይ ቱር ይሸጣል። ዋጋው ያማል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ የአገሬውን ሹፌርና አስጎብኚ ይዘን በቫን እንሂድ ብላችኋል። እኔ ሐሳቤን አልደብቅም፤ ወደ ቫኑ አደላለሁ። የማትስማሙ ተናገሩ።

ሾፌሩ፦
እኔ አልስማማም። ዕድሜዬን መሪ ላይ ነው የጨረስኩት፤ መንገድ እንደማይታመን አውቃለሁ። የመርከቡ ቱር ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል። በራስህ ሄደህ ብትዘገይ ግን ጥሎህ ይሄዳል። ቀልድ የለውም። ከዚያ በኋላ በገዛ ኪስህ ትኬት ቆርጠህ ቀጣዩ ወደብ ድረስ መከተል ነው፤ ያኛው አገር ደግሞ ቪዛ ቢጠይቅስ? የጋና የባህር ዳር መንገድ በየመንደሩ ጉብታ አለው፤ የፖሊስ ኬላ አለው። 70 ኪሎ ሜትር ሲባል የአሜሪካዋ የሜሪላንድ መንገድ አይምሰላችሁ። ጎማ ቢፈነዳ ማን ሊደርስልን ነው?

ድሮ አስጎብኚ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሰዓቱ ልክ ነህ። ስለ ገንዘቡ ግን ልናገር። ላሊበላ ስሠራ አዲስ አበባ ላይ ሁሉን ከፍሎ የሚመጣ ቱሪስት ነበር። አስራ አንዱን ቤተ ክርስቲያን በግማሽ ቀን ሮጦ ያያል፣ ከተማው ውስጥ ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ይመለሳል። ለከተማው የሚተርፈው አቧራው ነው። የመርከብ ቱርም ከዚህ አይለይም። በቫን ከሄድን ግን ሹፌሩም፣ አስጎብኚውም፣ ዓሣ የምትጠብሰዋም ሴት ያገኛሉ።

ነርሷ፦
እሱ እንኳ ትንሽ ተጋነነ። በመርከቡ ቱርም የሚመራን ጋናዊ ነው፣ አውቶቡሱም የጋና ነው። የመርከብ ድርጅቶች ራሳቸው አያስጎበኙም፤ ከአገሬው ድርጅት ገዝተው ትርፍ ጨምረው ይሸጡልናል። ጥያቄው ያ ትርፍ የማን ይሁን ነው።

አሁን ከክርክሩ በፊት፦ ለጋና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግዴታ ነው። ክትባቱ ዋጋ የሚኖረው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ የመጨረሻ ሳምንት ላይ እንዳትሯሯጡ። ድሮ ተወግታችሁ ካርዱ ያላችሁ ደግሞ አትጣሉት፤ ከ2016 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምንቆጥረው) ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ለወባ መከላከያ ሐኪማችሁን ጠይቁ። እናቶችን የምታመጡ ደግሞ አስቡበት፤ ግንቦቹ ውስጥ ደረጃው ቁልቁል ነው፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ ወለሉ ያዳልጣል። ለጉልበት በሽተኛ አይሆንም።

ኬፕ ኮስት ወይም ሞት፦
እኔ ኦባማ በ2009 ቤተሰባቸውን ይዘው የሄዱበትን ኬፕ ኮስትን ነው ማየት የምፈልገው። «የማይመለሱበት በር» የሚባለው፣ ባሪያ የተደረጉት ሰዎች ወደ መርከብ የወጡበት፣ እዚያ አለ። እግረ መንገዳችንን ካኩም ጫካ ገብተን የገመዱን ድልድይም ብናይስ?

ድሮ አስጎብኚ፦
ካኩም እግረ መንገድ አይደለም፤ ከኬፕ ኮስት ወደ ሰሜን ሌላ 30 ኪሎ ሜትር ነው። እሱን እርሳው።

ጡረተኛው መምህር፦
እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ጭቅጭቁ ቫን ወይስ አውቶቡስ ላይ መሆን አልነበረበትም። ሁለት ግንብ በአንድ ቀን ማለት ሁለቱንም አለማየት ነው። አንዱን እንምረጥ፤ ኤልሚናን።

ለምን ብትሉ፣ ቅርብ ነው፤ ደግሞም ከሁለቱ የቆየው እሱ ነው። ፖርቱጋሎች በ1482 ሠሩት። ያኔ የመጡት ወርቅ ፍለጋ ነበር፤ የሰው ንግዱ ኋላ ነው የገነነው። በ1637 ሆላንዶች ቀሟቸው፤ በ1872 ደግሞ ለእንግሊዝ ለቀቁት። ግቢው መሀል የሴቶቹ ጨለማ ቤት አለ። ከበላዩ የገዢው ሰገነት። ገዢው እዚያ ቆሞ ታች ከተሰለፉት ሴቶች መካከል ይመርጥ እንደነበር አስጎብኚዎቹ ይነግሯችኋል። ይህንን ሰምቶ ወዲያው «በሉ ወደ አውቶቡስ» ሲባል መሮጥ ይቻላል?

አንድ ነገር ልጨምር፤ እኛን ስለሚነካ። ዛሬ ጋና ውስጥ ያለው የአሻንቲ መንግሥት ንጉሥ ቀዳማዊ ፕሬምፔ በእንግሊዞች ተይዘው ኤልሚና የታሰሩት በ1896 ነው። ከዚያ ወደ ሴራሊዮን፣ ከዚያ ወደ ሲሸልስ ተጋዙ። አገራቸው የተመለሱት በ1924 ነው። 1896 እኛ ዘንድ የአድዋ ዓመት መሆኑን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እዚያ ክፍል ስትቆሙ ግን አስቡት።

ቡስዋ ይሻለኛል፦
ይቅርታ፣ እኔ ግን ነገሩ ራሱ ይቀፈኛል። ጠዋት ቡፌ በልቶ፣ ሰው እንደ ዕቃ የታጨቀበት ጨለማ ቤት ገብቶ ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ ወደ ዳንስ መመለስ? እኔ ወደ ምዕራብ ሄጄ ቡስዋ ባህር ዳር እቀመጣለሁ። ቢያንስ አላስመስልም።

ነርሷ፦
አንቺ ልጅ፣ ለቅሶ ቤት ገብተን ንፍሮ ቀምሰን ስንወጣ ወደ ሥራችን አይደል የምንመለሰው? ሐዘኑ ውሸት ነበር ማለት ነው? ጋናዎቹ ራሳቸው ኑ ብለው ነው የጠሩት። 2019ን «የመመለሻ ዓመት» ብለው ጥቁር አሜሪካውያንን በሙሉ ጋብዘዋል።

ቡስዋ ይሻለኛል፦
ለቅሶ ቤት ግን ሰዓት ተይዞብሽ አትገቢም። እኔን የሚቀፈኝ ሩጫው ነው።

ጡረተኛው መምህር፦
ታዲያ ተስማማን እኮ! አንድ ግንብ፣ ያለ ሩጫ።

አንዴ የሄደችው፦
ያየሁትን ልናገር። ወደቡ የጭነት ወደብ ነው፤ ማንጋኒዝና ቦክሳይት የሚጫንበት። በእግር ወጥቼ አካባቢውን ልይ ማለት የለም፤ እስከ በሩ በአውቶቡስ ያደርሷችኋል። ከበሩ ውጭ የታክሲ ሾፌሮች ይከቧችኋል። እዚያ ቆሞ መከራከር ሰዓት ይበላል፤ ቫኑን አስቀድሞ በጽሑፍ መያዝ ነው።

ኤልሚና ስትደርሱ ደግሞ ከግንቡ በር ላይ አንድ ተጫዋች ልጅ ይጠጋችኋል። «ስምሽ ማነው? ከየት መጣሽ?» ይላል። ደስ ብሏችሁ ትነግሩታላችሁ። ጉብኝቱን ጨርሳችሁ፣ ዓይናችሁ ቀልቶ ስትወጡ፣ ስማችሁ የተጻፈበት የባህር ቅርፊት ይዞ ይጠብቃችኋል። «ለእህቴ» ብሎ ጽፎበታል። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፤ ዋጋ አለው። እኔ ከፈልኩ፤ ልጁን አልቀየምኩትም። ትንሽ ሲዲ፣ የጋና ገንዘብ ማለቴ ነው፣ በእጃችሁ ይኑር።

ከግንቡ ፊት ለፊት ያለውን የዓሣ ወደብም አትለፉት። ቀለም የተቀቡ ረጃጅም ጀልባዎች፣ ባንዲራ የሰቀሉ፣ በድልድዩ ሥር ተጨናንቀው ይገባሉ። ሴቶቹ ዓሣውን በሳፋ ተሸክመው ይወጣሉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን ጠይቁ፤ ይቆጣሉ፣ ደግሞም እውነት አላቸው። ኬንኬ (ከበቆሎ ሊጥ የሚሠራ ምግብ) እና የተጠበሰ ዓሣ እዚያው በሚጥሚጣ ብሉ። እሺ፣ ሚጥሚጣ አይደለም፤ ግን ያቃጥላል።

ሾፌሩ፦
ጨዋታው ጥሩ ነው። ሰዓቱንስ ማን አሰላ?

አስተባባሪዋ፦
እኔ። ከመርከብ ወርደን ከወደቡ እስክንወጣ 3 ሰዓት እንበል። ኤልሚና 4 ሰዓት ተኩል። እስከ 8 ሰዓት እንቆያለን። 9 ሰዓት ተኩል ታኮራዲ እንደርሳለን። የመሳፈሪያው መጨረሻ 11 ሰዓት ተኩል ነው። ሁለት ሰዓት ትርፍ አለን። ኬፕ ኮስትን ብንጨምር ይሄ ትርፍ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ አንጨምርም። አዝናለሁ፣ የኦባማ ደጋፊ።

በነገራችን ላይ መርከቡ ላይ የሚለጠፈው «5:30» ነው የሚለው። የእናቶቻችን 5 ሰዓት ተኩል አይደለም! ማንም ስልኩን አይመን፤ የመርከቡ ሰዓትና የአገሩ ሰዓት ሊለያይ ይችላል። የምንከተለው የመርከቡን ነው።

ሾፌሩ፦
ሁለት ሰዓት ትርፍ መጥፎ አይደለም። ግን መኪናው ቢበላሽ የሚተካ አለ ወይ? ክፍያውስ? መርከቡ በአየር ምክንያት ወደቡን ቢዘል የራሱን ቱር ገንዘብ ይመልሳል። የእናንተ ሹፌር ይመልሳል?

ድሮ አስጎብኚ፦
ይሄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙሉውን አስቀድሞ መክፈል የለም። ትንሽ ቀብድ፣ ቀሪው ስንመለስ ወደቡ በር ላይ። ቀሪው በእጃችን እያለ ሹፌሩም አይዘናጋም። መርከቡ ካልመጣ ቀብዱ ይቅርለት፤ ሰውየው ሌላ ሥራ ትቶ ነው የሚጠብቀን።

ኬፕ ኮስት ወይም ሞት፦
እኔ የመርከቡን ቱር ገዛሁ። በሩን ሳላይ አልመለስም። አትቀየሙኝ።

አስተባባሪዋ፦
ማንም አይቀየምህም። እንግዲህ ኤልሚና ብቻ፣ በቫን። ጉልበት የሚያማቸው እናቶች ግንቡ ግቢ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ነርሷ ከእነሱ ጋር ትቆያለች፤ ጠይቄያት እሺ ብላለች። ሁለተኛ መኪና ተጠባባቂ መኖሩን በጽሑፍ ካላረጋገጡልኝ ውል አልፈርምም። የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ፎቶ እስከ ዓርብ ላኩልኝ።

ሾፌሩ፦
ተጠባባቂው መኪና ከተረጋገጠ እመጣለሁ። የፊት ወንበር ግን የእኔ ነው።