40 ቤተሰብ በ3 ሰዓት ውስጥ ፎቶ ላነሳ ነው፤ የአምናው እንዳይደገምብኝ እርዱኝ

ጀማሪዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ሲዘጋ ሰፈራችን በየዓመቱ የልጆች መዝናኛ ቀን ያዘጋጃል። የጆንያ ዝላይ፣ ገመድ ጉተታ፣ የሳሙና አረፋ፣ ፊት ላይ ቀለም መቀባት፣ ሁሉም አለ። አንዱ ጥግ ላይ ደግሞ ቤተሰብ ተራ በተራ እየመጣ ፎቶ ይነሳል፤ የምንሰጠው በነፃ ነው። አምና ይህን ጥግ ለእኔ ሰጡኝ። ስለምችል ሳይሆን ካሜራ ያለኝ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው።

ጉድ ሆንኩ። ሜዳው መሀል አቆምኳቸው፣ ግማሹ ዓይኑን ጨፈነ፣ የቀረው ዓይኑ ሥር ጥቁር ጥላ ወጣበት። ፀሐይዋን ወደ ጀርባቸው ሳደርግ ሰማዩ አማረ፣ ፊታቸው ግን ማን እንደሆነ እስከማይለይ ጨለመ። ትንንሾቹ አለቀሱ። ይባስ ብሎ ፎቶው የማን እንደሆነ ጠፋኝና ሦስት ሳምንት ሙሉ «ይቺ ልጅ የማን ናት?» እያልኩ በየቤቱ ስዞር ከረምኩ።

ዘንድሮ 40 ቤተሰብ ተመዝግቧል፣ ከጠዋቱ 4 እስከ 7 ሰዓት። ያለኝ ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ፣ አንድ 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ፣ ካሜራው ላይ ያለው ትንሹ ፍላሽና ስልኬ ናቸው። ዕቃ የምገዛበት ገንዘብ የለም። የት ላቁማቸው? ሴቲንጉን ምን ላድርገው? የሚያለቅስ ልጅስ ምን ይደረጋል?

ጥላ ፈላጊ

እህቴ፣ ለጊዜው ካሜራውን እርሺው፤ ጥላ ፈልጊ። ከዝግጅቱ በፊት አንድ ቀን በዚያው ሰዓት ቦታው ላይ ሄደሽ ቆይ። 4 ሰዓት ላይ ጥላ ያለው ግድግዳ 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ባዶ ሊቀር ይችላል። የምትፈልጊው ከላይ የተሸፈነ፣ ፊት ለፊቱ ግን ክፍት ሰማይ የሚያይ ቦታ ነው፦ በረንዳ፣ የሕንፃ ጥላ ጠርዝ፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ያለ ዛፍ። ቅጠሉ የሳሳ ዛፍ አታታልልሽ፤ በመሀሉ የሾለከ ፀሐይ አንዱን ጉንጭ አብርቶ ሌላውን ጨለማ ውስጥ ይተወዋል።

ቦታውን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለኝ። ጡጫሽን ጨብጠሽ ፊትሽ ከፍታ ላይ ያዢና ባለሽበት ቀስ ብለሽ ዙሪ። በጣቶችሽ መሀል ያለው ጥላ ሲከርና ሲለሰልስ ታያለሽ። በጣም የለሰለሰበት አቅጣጫ ላይ ስትደርሺ ቁሚ፤ ጡጫሽ ላይ የምታይው ነገር እዚያ በቆመ ሰው ፊት ላይም ይሆናል።

ድንኳን ከተከላችሁ ነጭ ይሁን። በሰማያዊ ድንኳን ሥር ሰው ሁሉ በብርድ የደነዘዘ ይመስላል፣ በቀይ ሥር ደግሞ ትኩሳት የያዘው። አረንጓዴ ሣርም አገጭ ሥር ቀለሙን ይለቃል፤ ከእግራቸው ፊት ነጭ አንሶላ ብታነጥፊ እሱንም ያጠፋልሻል፣ ከታች ወደ ዓይናቸውም ብርሃን ይመልሳል። ፍላሹን ቤትሽ ተይው።

ቁጥር ወዳድ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ከፍላሹ በቀር፤ እሱን ሌላ ሰው ይመልስልኝ። እኔ ሴቲንጉን ልንገርሽ።

ቁጭ ብሎ ለሚነሳ ልጅ ሹተርሽ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ከ1/250 ሰከንድ አይዘግይ። ለሚሮጥ 1/500፣ ለሚዘል 1/1000 አድርጊው። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ርቀት ግን ይጠባል። ኤፍ 1.8 ለአንድ ልጅ ብቻውን ሲሆን ያምራል፤ ለቤተሰብ ግን ወጥመድ ነው። እናት ጥርት ብላ ትወጣና ከኋላ የቆመው አባት ይደበዝዛል። ሁለት ረድፍ ከሆኑ ኤፍ 5.6 ላይ አድርጊ። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበት መጠን) ኦቶ ላይ ተዪው፣ ጣሪያውን 3200 ስጪው። አሸዋ የመሰለ ነጠብጣብ ቢበዛበትም ፎቶ ነው፤ የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም አያድነውም።

አምና ፊታቸው የጨለመው ካሜራው ያየውን ሁሉ አማካይ ግራጫ ለማድረግ ስለሚሞክር ነው። ጀርባቸው የሚያበራ ሰማይ ሲሆን «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ይቀንሳል፣ ፊትም አብሮ ይቀንሳል። የፕላስና ማይነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ፈልጊና ወደ ፕላስ 1 ውሰጂው። ሁሉም ነጭ ለብሰው ከመጡም እንዲሁ ነው። ሁሉም ጥቁር ከለበሱ ደግሞ ካሜራው በተቃራኒው ሊያነጣቸው ይሞክራል፤ ያኔ ትንሽ ወደ ማይነስ።

ስንት ጊዜ ላንሳ ካልሽ፣ ለዚህም ስሌት አለ! ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ የሚባሉ አውስትራሊያውያን በቡድን ፎቶ ላይ ማንም ዓይኑን ሳይጨፍን እንዲወጣ ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው በ2006 የኢግ ኖቤል የሒሳብ ሽልማት ወስደዋል። ሽልማቱ መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበት ነው። ከ20 ሰው በታች ከሆነ በጥሩ ብርሃን የሰዉን ቁጥር ለ3፣ በደካማ ብርሃን ለ2 ታካፍያለሽ። 12 ሰው ከሆነ 4 ጊዜ ማለት ነው። እኔ ልጅ ያለበት ከሆነ እጥፍ አነሳለሁ፤ ስሌቱ ስለ ዓይን እንጂ አፍንጫ ውስጥ ስለሚገባ ጣት አያወራም።

የመንትዮች እናት

የወንዶቹን ምክር ስሚ፣ ግን ልጅ ሴቲንግ የለውም። የአራት ዓመት መንትዮች አሉኝና ከተሞክሮዬ ልንገርሽ።

አንደኛ፣ ቀለም የሚቀባው ሰው ከአንቺ ርቆ ይቀመጥ፤ ልጆቹም ወደ እሱ የሚሄዱት ፎቶ ከተነሱ በኋላ ይሁን። አንድ ጊዜ የእኔዎቹ ነብር ሆነው መጡና የቤተሰብ ፎቷችን ላይ ሁለት ነብርና ሁለት የደከማቸው ወላጆች ወጣን። ያስቃል፣ ግን ለአያታቸው የምልከው አልነበረም። ጨዋታውም ከፎቶው በኋላ ይሁን፤ ከጆንያ ዝላይ የተጠራ ልጅ ግማሽ ልቡ እዚያው ነው። ጨቅላና እንቅልፍ የሚይዛቸው ትንንሾች ያሉበት ቤተሰብ መጀመሪያ ይግባ።

ሁለተኛ፣ «ሳቅ በል!» አትበይው። ጥርሱን ያሳይሻል እንጂ አይስቅልሽም። ሥራ ስጪው። ለእኔዎቹ የሠራው «እናትሽ ጆሮ ውስጥ ምስጢር ንገሪያት» የሚለው ነው፤ የምትናገረው ልጅም የምትሰማው እናትም አብረው ይፈነድቃሉ። ያለቀሰውን ደግሞ አታባብይው፣ አትለማመጪውም። «እሺ፣ ቀጣዩን ቤተሰብ ላንሳና ትመለሳላችሁ» በዪ። አሥር ደቂቃ አረፋ ሲያባርር ቆይቶ ሌላ ልጅ ሆኖ ይመጣል።

ጡረተኛው ባለ ስቱዲዮ

ልጄ፣ በፊልም ዘመን 36 ፍሬም ባለው ጥቅል ስንሠራ ነው ያረጀሁት፤ እጥፍ ማንሳት የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ከማንሳታችን በፊት ነበር የምንለፋው።

ፍላሽ ተይ ያለሽን ልጅ በግማሹ አልስማማውም። ጥላ ውስጥ አያስፈልግሽም፣ ልክ ነው። ግን ጥላው ቢያልቅና ፀሐይ ጀርባቸው ላይ ብትሆን ያ ትንሹ ፍላሽ ሁለት ሦስት ሜትር ላይ የፊትን ጨለማ ይሞላል። ብዙ ካሜራ ከፍላሽ ጋር ከ1/200 አካባቢ በላይ በሹተር አይፈጥንም፤ ቁጥሩ ራሱ ቢወርድብሽ አትደንግጪ።

ዝቅ በዪ። ቆመሽ ልጅን ካነሳሽ ትልቅ ራስና ትንሽ እግር ነው የሚወጣው። ሌንስሽ ከልጁ ዓይን ጋር እኩል ይሁን፤ ጉልበትሽ ይቆሽሻል፣ ሱሪ ልበሺ። ሰዎቹንም እንደ ሰልፈኛ አትደርድሪያቸው። አንዱ ወንበር ላይ፣ አንዱ በርጩማ ላይ፣ ልጁ እቅፍ ውስጥ፤ ራሶቹ አንድ መስመር ላይ እንዳይወድቁ ነው። እጃቸውን የሚያደርጉበት የጠፋቸው አባቶችን ልጅ አስይዣቸው፣ ይስተካከላሉ።

የማን ፎቶ ነው ላልሽው፦ በካርቶን ላይ ትልቅ ቁጥር ጻፊ፣ ለየቤተሰቡ አንድ። ስማቸውና ስልካቸው ከቁጥሩ ጋር መዝገብ ላይ ይስፈር። ሲገቡ መጀመሪያ ካርቶኑን ይዘው አንድ ጊዜ ታነሻቸዋለሽ፣ ከዚያ ካርቶኑ ይወጣል። ቤት ገብተሽ ስታዪ ካርቶን ባየሽ ቁጥር አዲስ ቤተሰብ ጀመረ ማለት ነው። እኛ ኔጋቲቭ የማይጠፋብን እንዲህ ነበር።

ጀማሪዋ (ጠያቂ)

ጋሼ፣ የካርቶኑ ነገር እኮ ዕንባዬን ነው ያመጣው! ሦስት ሳምንት! እግዜር ይስጥልኝ። ግን 180 ደቂቃን ለ40 ሳካፍል ለአንድ ቤተሰብ አራት ደቂቃ ተኩል ነው የሚደርሰኝ። ይበቃል?

ጡረተኛው ባለ ስቱዲዮ

አንቺ መዝገብ ካልያዝሽ ይበቃል። አንድ ሰው ተራ ይጥራ፣ አንድ ሰው ይመዝግብ፤ አንቺ ከካሜራው ዓይንሽን አትንቀዪ። ቀጣዩ ቤተሰብ የፊተኛው ሲነሳ ፀጉሩን አበጥሮ፣ አፍንጫውን ጠርጎ መጠበቅ አለበት። ለአለቀሱት የሚሆን የመጨረሻ ሃያ ደቂቃ አትመዝግቢበት።

ስልክ ብቻ

ካሜራ ለሌላቸው አንባቢዎች ሁለት ነገር ልጨምር። በስልክ ፊት ስር ገብታችሁ አታንሱ፤ ዋናው ሌንስ ሰፊ ስለሆነ በቅርበት አፍንጫን ያገዝፋል፣ ጆሮን ይደብቃል። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ዙሙን 2 እጥፍ ላይ አድርጉ። ፊቱ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ስትቆዩ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፤ ከዚያ ጣትን ወደ ላይ ወደ ታች በማንሸራተት ብርሃኑን ታስተካክላላችሁ።

ለጠያቂዋ ደግሞ፦ ፎቶውን በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፋይል ላኪው። እንደ ፎቶ ከላክሽው ይጨመቃል። 10 በ15 ሴንቲሜትር በጥራት ለማሳተም 1200 በ1800 ፒክስል ያህል ይበቃል፣ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ግን ዋናው ፋይል ያስፈልጋል። በጋራ ግሩፕም አትልቀቂው። ሲመዘገቡ «ሌላ ሰው ቢያየው ይፈቅዳሉ?» ብለሽ ከስማቸው ጎን ምልክት አድርጊ። የልጃቸው ፊት እንዲወጣ የማይፈልጉ ወላጆች አሉ፣ ምክንያታቸውንም ማስረዳት የለባቸውም።

ዓይን ክሊኒክ የምሠራ

ከርዕሱ ትንሽ ወጣ ብል ይቅርታ፤ ፍላሽ ስለተነሳ ነው። በፍላሽ ፎቶ ላይ ብሌን ቀይ የሚሆነው ብርሃኑ በዓይን ጀርባ ካለው በደም ሥር የተሞላ ሽፋን ላይ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ነው፤ አያስጨንቅም። ግን በተለያዩ ፎቶዎች ላይ የአንድ ልጅ አንዱ ብሌን ቀይ፣ ሌላው በተደጋጋሚ ነጭ ወይም ቢጫ ሆኖ ከወጣ ለወላጁ ለብቻው ንገሪው፣ ቶሎ የዓይን ሐኪም ያሳየው። ብዙ ጊዜ የካሜራው አቅጣጫ ያመጣው ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ግን የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የሚባለው የሕፃናት የዓይን ካንሰር ምልክት ነው፤ ይህ ካንሰር በብዛት የሚታየው ከ5 ዓመት በታች ነው፣ ቶሎ ሲደረስበትም ይታከማል።

ጀማሪዋ (ጠያቂ)

ተመለስኩ! ትናንት አለቀ። 37 ቤተሰብ ተነሳ፣ ሦስቱ አልመጡም።

ድንኳኑ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ። ጥላ ፈላጊ ያለውን ስላነበብኩ ተውኩትና በጡጫ ዘዴ የአዳራሹን በረንዳ መረጥኩ፤ ጡጫዬን ዘርግቼ ስዞር ያየችኝ ጎረቤት «ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። እስከ 6 ሰዓት ቆንጆ ነበር፣ ከዚያ ጥላው ጠበበና ሰባት ሰው ያለበት ቤተሰብ ግማሹ ፀሐይ ላይ ቀረ። ጋሼ እንዳሉት አዞርኳቸው፣ በፍላሽ አነሳሁ። እንደ በረንዳው አላማረም፣ ግን ሁሉም ፊት ይታያል።

አንዱ የሦስት ዓመት ልጅ የቁጥር ካርቶኑን አለቅም ብሎ ጮኸ። ታግሎ ከመቀማት እንዲይዘው ፈቀድንለት። አሁን በዚያ ቤተሰብ ፎቶ ሁሉ ላይ «23» ጭንቅላቱ ላይ እንደ ባርኔጣ ተቀምጧል፤ እናቱ ደግሞ ለግድግዳ የመረጠችው እሱኑ ነው። ፋይሉን ዛሬ ማታ እልክላታለሁ። ቀለም ቀቢዋን ግን ማራቅ አልቻልኩም፤ አራት ነብርና አንድ ቢራቢሮ አሉኝ።