ስኳርህ ከፍ ብሏል ተባልኩ፣ ጂቡቲ መስመር ላይ ምን ልብላ?

ጠያቂ (የተሳቢ ሾፌር)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ 43 ነው፣ ጂቡቲ መስመር ነው የምሠራው። ሰሞኑን ለሌላ ጉዳይ ክሊኒክ ሄጄ በባዶ ሆድ ስኳሬ 138 ሆኖ ተገኘ። «ምግብ አስተካክል፣ ደግመህ ተመርመር» ብለው ሸኙኝ። እሺ፣ ግን እንዴት? ቁርስ ሳልበላ ነው የምወጣው፣ ቀኑን በጫትና በለስላሳ እገፋዋለሁ፣ ማታ ሚሌ ወይ ሎጊያ ስደርስ ያገኘሁትን ጠግቤ በልቼ እዚያው ጋቢና ውስጥ እተኛለሁ። ሻይ ላይ ስኳር ቀንሻለሁ። ይበቃል?

ሲኖ 371፦
አይበቃም ወንድሜ። እኔም አለብኝ፣ እየነዳሁ ነው። ከቤት ስወጣ የተቀቀለ እንቁላልና የሽምብራ ቆሎ እይዛለሁ፣ ረዳቴ ይስቅብኛል፣ ይሳቅ። ምግብ ቤት ከገባሁ ሽሮ ወይ ምስር ከጎመን ጋር፣ እንጀራ አንድ ብቻ፣ ጭማሪ የለም። አፋር ስትገባ የፍየል ጥብሱን ብላ፣ አብሮት የሚመጣውን የፓስታና የዳቦ ክምር ግን መልስ።

የአዋሽ ልጅ፦
ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ። አጎቴ ኪኒኑን ጥሎ በሱ ነው ያለው።

ነርስ ነኝ፦
ኪኒን የሚያስጥል ምክር ይቅርብን እባካችሁ። ሽፈራውን እንደ ጎመን ይብላው፣ የመድኃኒት ምትክ ግን አይደለም። ጠያቂ፣ በባዶ ሆድ 126 እና ከዚያ በላይ በሁለት ምርመራ ከተገኘ ነው ስኳር በሽታ የሚባለው፣ ስለዚህ ድገም። የ3 ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራም (HbA1c ይባላል) ጠይቅ፣ እሱ 6.5 በመቶ እና በላይ ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው። ጫቱ ቀን ረሃብህን ያጠፋዋል፣ ማታ የሁሉንም ሰዓት ምግብ በአንዴ ትበላና ትተኛለህ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮካ ደግሞ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ 8 የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከሻይህ የቀነስከው በዚያ ተመልሶ ገባ።

ጠያቂ፦
እህቴ አመሰግናለሁ። መድኃኒት ቢያዙልኝስ፣ እየነዳሁ ችግር አለው?

ነርስ ነኝ፦
የትኛው እንደሆነ ስሙን ጠይቅ። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳር ከልክ በታች ማውረዱ ብርቅ ነው። ግሊቤንክላሚድ ወይም ኢንሱሊን ከሆነ ግን ምግብ ዘልለህ መሪ እንዳትይዝ። እጅህ ከተንቀጠቀጠ፣ ካላበህ፣ ዓይንህ ከደበዘዘ ዳር ይዘህ ወዲያው አቁም። ግማሽ ጠርሙስ ለስላሳ ጠጣ፣ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ካልተሻለህ ድገም። ሲሻልህም ምግብ ሳትበላ ጉዞ አትቀጥል። ለስላሳ ጋቢና ውስጥ የሚቀመጠው ለዚህ ብቻ ነው እንግዲህ።

ሲኖ 371፦
የስኳር መለኪያም ግዛ። ግን ከማሽኑ በፊት የስትሪፑን፣ ማለትም ደም የምታስነካበትን ቁራጭ፣ ዋጋ ጠይቅ፣ ኪስ የሚጎዳው እሱ ነው። ጋቢና ውስጥ ትተኸው እንዳትወርድ ደግሞ፣ የአፋር ሙቀት ስትሪፑን ያበላሸውና የውሸት ቁጥር ታነባለህ። እኔ ከውሃ ኮዳዬ ጋር በአንድ ቦርሳ ይዤው ነው የምወርደው።