እናቴም ወንድሜም ስኳር አለባቸው፤ የዘር ምርመራ ላሠራ ወይስ ሌላ ነገር ልጀምር?

የጠባሴው (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ነኝ፤ ዕድሜዬ 36፣ ቁመቴ 1.70፣ ክብደቴ 78 ኪሎ፣ ወገቤ 98 ሴንቲ። ሥራዬ ቁጭ ብሎ ነው። ስኳር እናቴን በ52 ዓመቷ፣ ታላቅ ወንድሜን በ41 ዓመቱ ይዟቸዋል። እኔ ሰሞኑን ቤት ባለው የጣት መለኪያ በባዶ ሆድ ለካሁና 108 አለኝ። ታናሽ እህቴ ደግሞ 22 ዓመቷ ነው፣ ቀጭን ናት፤ እሷም በቅርቡ ስኳር ተብላ ግሊቤንክላሚድ የሚባል ኪኒን ጀምራለች። አንድ ሰው ምራቅ ወደ ውጭ ልኮ ዘር ማስመርመር ይቻላል አለኝ፤ ዋጋው ቀላል አይደለም። ያዋጣል? ከዘር የመጣ ከሆነስ ማምለጫ አለው?

የባዮሎጂ መምህር
ገንዘብህን ያዝ። አንተ የምትፈራው ዓይነት ሁለት ስኳር በአንድ ጂን አይመጣም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ልዩነቶች ጥቂት ጥቂት እየጨመሩ ነው የሚያመጡት። በብዙ ሰው ላይ ከሚገኙት ውስጥ ዋናው ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባለው ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የታወቀው፤ ቆሽት በቂ ኢንሱሊን እንዳያመነጭ ያዳክማል። እሱም ቢሆን አንድ ቅጂው ዕድሉን ወደ 1.4 እጥፍ ከፍ ቢያደርግ ነው። ኤፍቲኦ ደግሞ የምግብ ፍላጎትን የሚነካ ነው፤ ከእናትም ከአባትም የወረሰው ሰው ምንም ካልወረሰው በአማካይ 3 ኪሎ ገደማ ይበልጣል። በ3 ኪሎ ቦርጭን ሁሉ ማሳበብ ይከብዳል።

ደግሞ ከምራቁ የሚወጡት የዘር ነጥቦች (ልዩነቶቹን ደምረው ዕድልን የሚገምቱ ቁጥሮች) በአብዛኛው የተሠሩት ከአውሮፓ ሰዎች መረጃ ስለሆነ አፍሪካውያን ላይ ትንበያቸው ይደክማል። የቤተሰብህ ታሪክ ከዚያ ወረቀት የበለጠ ይነግርሃል፣ ያውም በነጻ። አንድ ወላጅ ዓይነት ሁለት ካለበት የልጁ የዕድሜ ልክ ዕድል ወደ 40 በመቶ፣ ሁለቱም ካለባቸው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል። ቁጥሩ ግን የጂን ብቻ አይደለም፤ አብሮ የሚወረስ መሶብም አለ።

ሸዋሮቢት 09
ከዘር የመጣን ማን ይመልሰዋል ብላችሁ ነው! ጠዋት ጠዋት በሶ በማር በጥብጠህ ጠጣ፣ ሌላውን ለእግዜር ተወው።

የሥነ ምግብ ባለሙያ
ወንድሜ፣ ማር ለደም ያው ስኳር ነው። በሶም ቢሆን ገብስ ነው ተብሎ የሚታመን አይደለም፤ ዱቄት ስለሆነ ቶሎ ይፈጫል፣ ሲጠጣ ደግሞ ሳይታወቅ ብዙ ይገባል። ያንኑ ገብስ እፍኝ ቆሎ አድርጎ ማኘክ ይሻላል።

«አይመለስም» ለሚለው፦ በአሜሪካ የስኳር ዋዜማ ላይ በነበሩ (ልኬታቸው ከፍ ብሎ ገና ስኳር ባልተባሉ) ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ተሞክሮ ውጤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ክብደታቸውን 7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ወደ ስኳር የመግባት ዕድላቸው በ58 በመቶ ቀነሰ፤ ሜትፎርሚን የሚባለውን የስኳር ኪኒን የወሰዱት በ31። ቲሲኤፍ7ኤል2ን ሁለት ቅጂ የወረሱትም ተጠቅመዋል። ኤፍቲኦም በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ጉልበቱ በሲሶ ገደማ ይቀንሳል።

ላንተ 7 በመቶ ማለት 5.5 ኪሎ ነው። በስድስት ወር አውርደው፤ በአንድ ወር የወረደ አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ወገብህ ከቁመትህ ግማሽ በታች፣ ማለትም ከ85 ሴንቲ በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ በአንዴ አይደረስም፣ በየወሩ ለካው። እርምጃው በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ይሁን፣ ማውራት የሚያስችል ግን ዘፈን የማያስወጣ ፍጥነት። መጀመሪያ ለስላሳውንና የሻይ ስኳሩን አስወጣ፣ ጠላውን ቀንስ። ከዚያ እንጀራውን ቀንሰህ ጎመኑንና ምስሩን አብዛ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ጾም ላይ ነው፤ ሥጋው ቀረ ብሎ ዳቦ በድንች፣ ፓስታ በዘይት ይበላና ፋሲካ ሲደርስ ጨምሮ ይገኛል።

ላብራቶሪ ባለሙያ
በ108 አትደንግጥ፣ ግን አትተወውም። የጣት መለኪያ በዚህ ደረጃ እስከ 15 በመቶ መሳሳት ይፈቀድለታል፤ ስለዚህ ከ92 እስከ 124 ያለ ሁሉ ሊሆን ይችላል። የደብረ ብርሃን ጠዋት ብርድም ያስቸግራል፦ አብዛኞቹ መለኪያዎች ከ10 ዲግሪ በታች አይታመኑም። ማሽኑንም ስትሪፑንም ሞቅ ያለ ክፍል አቆያቸው። እጅህን ለብ ባለ ውሃ ታጠብና አድርቅ፤ ጣት ላይ የቀረ ስኳር ቁጥሩን ያስዘልለዋል።

ቁርጡን ለማወቅ ከክንድ ደም ስጥ። ማታ 2 ሰዓት ከበላህ ጠዋት 2 ሰዓት ተሰጥ፤ ውሃ ይፈቀዳል። ከ100 በታች ደህና ነው። ከ100 እስከ 125 ዋዜማው ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ግን ዋዜማውን ከ110 ነው የሚጀምረው። 126 እና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከመጣ ስኳር ነው። አንድ ነገር ጠይቅ፦ ደሙ ወደ ሌላ ቦታ የሚላክ ከሆነ ፍሎራይድ ባለው ግራጫ ክዳን ቱቦ ይቀዳ። በተራ ቱቦ ፈሳሹ ከደም ሴሎቹ ሳይለይ ከቆየ የደም ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉት በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይወርዳል፤ ያለበት ሰው «ነጻ» ተብሎ ይመለሳል።

የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ (ኤዋንሲ) ከ5.7 እስከ 6.4 ዋዜማ፣ 6.5 እና በላይ ስኳር ነው። የብረት እጥረት ያለበት ሰው ግን በውሸት ከፍ ሊልበት ይችላል። በቅርቡ ወባ ታሞ የዳነ ደግሞ ቀይ ሴሎቹ አዲስ ስለሚሆኑ ዝቅ ይልበታል፤ የቆላው ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ሐኪም፣ መሐል ሜዳ
እኔን ያሳሰበችኝ እህትህ ናት። በ22 ዓመት ቀጭን ሆኖ የያዘ ስኳር ከእናትህ ጋር አንድ ነው ተብሎ አይታለፍም። ዓይነት አንድ (ሰውነት የራሱን ቆሽት አጥቅቶ ኢንሱሊን የሚያሳጣው) ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነ ኪኒን አያዋጣትም፣ ኢንሱሊን ያስፈልጋታል። በልጅነት ከምግብ እጥረት ጋር የሚያያዘውም አለ፤ ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን በ2025 እ.ኤ.አ. «ዓይነት አምስት» ብሎ ተቀብሎታል። ሦስተኛው ሞዲ ነው፣ በአንድ ጂን የሚመጣ፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ግማሽ በግማሽ ያልፋል፣ ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በፊት ይታያል። የዘር ምርመራ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው፤ ኤችኤንኤፍ1ኤ የሚባለው በትንሽ ግሊቤንክላሚድ ይስተካከላል፣ ጂሲኬ የሚባለው ከእርግዝና ውጭ ብዙ ጊዜ መድኃኒትም አይፈልግ። እናትህን በ52 ዓመታቸው ስለያዛቸው ግን ሞዲ የመሆኑ ነገር ደካማ ነው። በእናንተ በኩል አባትህን ጨምሮ በወጣትነቱ የተያዘ ካለ አጣሩ።

በሽንት ኬቶን (ኢንሱሊን ሲያንስ ስብ ሲቃጠል የሚወጣው)፣ ምርመራው የሚገኝ ከሆነም ሲ-ፔፕታይድ (ቆሽት ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያመነጭ የሚያሳየው) እና የጋድ ፀረ እንግዳ አካል (ዓይነት አንድን የሚጠቁመው) ይታዩላት። ካስመለሳት፣ ሆዷን ካመማት፣ በጥልቅና ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰች ያኔውኑ ሆስፒታል ውሰዷት፤ ቀጠሮ አትጠብቁ።

የጠባሴው
እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ ትላለች፤ ኪኒኑን ጠዋት ነው የምትውጠው።

ሐኪም፣ መሐል ሜዳ
ኪኒኑን ጠዋት ከዋጠች እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆዷን አትቆይ፤ ግሊቤንክላሚድ ሳይበሉ ስኳርን በኃይል ያወርዳል። ዓይነቱ እስኪለይ ጾሙን ታቆየው፤ የነፍስ አባቷን ብታማክር ለታመመ ሰው ይፈቅዱላታል። ካላባት፣ ከተንቀጠቀጠች ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ትለካ፣ ካልወጣ ትድገም፤ ሲስተካከል ምግብ ትብላበት። ራሷን ከሳተች በአፏ ምንም እንዳትሰጧት።