አስቸኳይ፦ ከዌብ ሲስተማችን ሪሞት ዴስክቶፕ አልከፍት አለ

ጥያቄ፦ የአይቲ ክፍል
ጤና ይስጥልኝ። የሒሳብ ሠራተኞቻችን ወደ መሥሪያ ቤቱ ዌብ ሲስተም ገብተው «ሰርቨሩን ክፈት» የሚለውን ሲጫኑ፣ የደመወዝ ፕሮግራሙ ያለበት ሰርቨር እዚያው ገጹ ላይ በሪሞት ዴስክቶፕ (ሌላ ኮምፒውተርን ከሩቅ ሆኖ መጠቀሚያ) ይከፈትላቸው ነበር። በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ግን ነጭ ሳጥን ብቻ ይመጣል፤ የስህተት መልእክት እንኳ የለም። ደመወዝ ነገ ስለሚከፈል እባካችሁ ፈጥናችሁ ድረሱልኝ። ሠራተኞቹ የይለፍ ቃል ሁለተኛ እንዳይጠየቁም እፈልጋለሁ።

ኬብል ጎታች
ብራውዘሩ ምንድን ነው? ዊንዶውሱስ? ይህን ካልነገሩን ከግምት በላይ ልንረዳዎ አንችልም። ካልሆነ ደግሞ ሰርቨሩን በታክሲ ጭነው ወደ ሒሳብ ክፍል ይላኩት።

ፋየርዎል
ወንድማችን፣ ከሁሉ በፊት የሪሞት ዴስክቶፕ መግቢያ የሆነውን ፖርት 3389ን ለኢንተርኔት ከፍተው ከሆነ ዛሬውኑ ይዝጉት። እ.ኤ.አ. በሜይ 2019 ብሉኪፕ የተባለው የሪሞት ዴስክቶፕ የደኅንነት ቀዳዳ ይፋ ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቋረጠለት አምስት ዓመት ለሞላው ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ እስከማውጣት ደርሷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በደመወዝ ዋዜማ የተጣደፈ ሥራ ኋላ ዋጋ ያስከፍላል።

የአይቲ ክፍል
ምክሩን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ሰርቨሩ ለውጭ አልተከፈተም፣ ቅርንጫፎችም የሚገቡት በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ነው። አዲሶቹ ዊንዶውስ 11 ከኤጅ ብራውዘር ጋር ሲሆኑ፣ አሮጌዎቹ ዊንዶውስ 7 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ጋር ነበሩ።

ሰባተኛ ፎቅ
እንግዲህ ነገሩ ታወቀ። ገጹ የሚጠራው ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣውን የሪሞት ዴስክቶፕ አክቲቭ ኤክስ (በኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ገጽ ውስጥ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) ነው፤ ይህንን ደግሞ ኤጅም ሆነ ክሮም በራሳቸው አያስኬዱትም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ጡረታ ወጥቷል፣ ዊንዶውስ 11 ላይም አይከፈትም። ለነገ የሚያደርሳችሁ የኤጅ የኤክስፕሎረር ሞድ (ኤጅ ገጹን እንደ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የሚከፍትበት ስልት) ነው፦ ሴቲንግስ ውስጥ «ዲፎልት ብራውዘር» ከሚለው ገጽ ላይ ሞዱን ይፍቀዱ፣ ኤጅን ዘግተው ይክፈቱ፣ ከዚያም የሲስተሙን አድራሻ እዚያው ካለው ዝርዝር ላይ ይጨምሩ። በእጅ የተጨመረ አድራሻ ከ30 ቀን በኋላ ከዝርዝሩ ስለሚወጣ፣ በሚቀጥለው ወር ደመወዝ ላይ ያው ነጭ ሳጥን እንዳይመጣባችሁ ዝርዝሩን በግሩፕ ፖሊሲ (ቅንብርን ከአንድ ቦታ ለሁሉም ኮምፒውተር በሚያስተላልፈው) ማውረድ ይኖርባችኋል። ማይክሮሶፍት ሞዱን ቢያንስ እስከ 2029 እደግፈዋለሁ ብሏል።

ጠያቂ አእምሮ
እኔ የምለው፣ ይህ ነገር በዌብ በኩል መምጣቱ ለምን አስፈለገ? ዴስክቶፑ ላይ አንድ ሾርትከት ቢቀመጥ ያበቃ አልነበረም?

የአይቲ ክፍል
ሠራተኛው በየትኛው ሰርቨር እንደሚገባ የሚወስነው ሲስተሙ ነው፤ ማን መቼ እንደከፈተም ይመዘግባል። ሾርትከት ይህን አያደርግልንም።

ቀይ ባሕር
የኤክስፕሎረር ሞድን ሞክሩት፣ ይሠራል።

ኬብል ጎታች
ይኸው ከላይ ተብሏል፤ 30 ቀኑ ሳይሞላ እንዳይደገም እንጂ።

ዳታ ሴንተር
የአይቲ ክፍሉ ያሉት ምዝገባ ሳይቀርባችሁ አክቲቭ ኤክስን የምትተኩበት መንገድ አለ። ሠራተኛው ሲጫን ሲስተማችሁ መዝግቦ፣ ለዚያ ሰው የተመደበውን ሰርቨር አድራሻና የተጠቃሚ ስም የያዘ የአርዲፒ (የሪሞት ዴስክቶፕ ግንኙነት) ፋይል አዘጋጅቶ ያውርድለት፤ ፋይሉ ሲከፈት የዊንዶውሱ የራሱ ፕሮግራም ይነሣል። ፋይሉ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በማንኛውም የፕሮግራም ቋንቋ በጥቂት መስመር ይጻፋል። የይለፍ ቃሉን ግን እዚያ ውስጥ ለመክተት አትድከሙ፦ ዊንዶውስ የሚቀበለው በዚያው ተጠቃሚና በዚያው ኮምፒውተር የተመሰጠረውን ብቻ ስለሆነ፣ ሰርቨር ላይ የተሠራው ሠራተኛው ዘንድ ሲደርስ አይፈታም። ኮምፒውተሮቹ ዶሜን (በአንድ ማዕከል የሚተዳደር የመሥሪያ ቤት ኔትወርክ) ውስጥ ካሉ በግሩፕ ፖሊሲ «አሎው ዴሊጌቲንግ ዲፎልት ክሬደንሻልስ» በሚለው ሥር የሰርቨሮቹን ስም ብታስገቡ፣ ሠራተኛው ጠዋት ኮምፒውተሩን በከፈተበት መለያ ሳይጠየቅ ይገባል።

ሰባተኛ ፎቅ
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፋይሉ በዲጂታል ፊርማ ካልተፈረመ በከፈቱት ቁጥር «አሳታሚው አይታወቅም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ሠራተኛም ማስጠንቀቂያን ሳያነብ «እሺ» ማለት ይለምዳል።

አዲስ ገቢ
ከገጹ ሳይወጣ መክፈት ለሚፈልግ አፓቺ ጓካሞሌ አለ። ነጻ ነው፤ ከሠራተኛው ኮምፒውተር ላይ ከብራውዘር በቀር የሚጫን የለም፣ አርዲፒውን የሚያናግረው መሐል ላይ ያለው ሰርቨር ነው። እኛ ጋ ግን ማውሱ እየዘገየ አስቸግሮናል። በኤንጂንኤክስ (ከፊት ሆኖ የዌብ ጥያቄ በሚያስተላልፍ ሰርቨር) በኩል ነው ያሳለፍነው። ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?

ዳታ ሴንተር
ዌብ ሶኬቱ (ብራውዘሩና ሰርቨሩ ሳይቋረጥ የሚነጋገሩበት መስመር) ኤንጂንኤክስ ላይ ተቋርጦባችሁ ይሆናል። ጓካሞሌ ዌብ ሶኬት ሲያጣ ዝም ብሎ ወደ ተራ ኤችቲቲፒ ይመለሳል፤ ስለዚህ ይሠራል ግን ይጎተታል። ኤችቲቲፒ 1.1 መሆኑን፣ «አፕግሬድ» እና «ኮኔክሽን» የተባሉት ሄደሮች (ከጥያቄው ጋር የሚላኩ መረጃዎች) መተላለፋቸውን ይዩ፤ በፈሪንጉንም (መረጃን አጠራቅሞ ማስተላለፉን) ያጥፉት።