ኤስኤቲን ልድገም ወይስ ቶፍልን? ያለኝ ገንዘብ ለአንድ ፈተና ብቻ ነው

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁም ታላላቆቼ። በመስከረም 12ኛ ክፍል እገባለሁ። ለሃርቫርድ፣ ለዬልና ለኤምአይቲ ለማመልከት አስቤያለሁ፤ የመረጥኳቸውም የውጭ አገር ተማሪን ጭምር የቤተሰቡን አቅም ሳያዩ ተቀብለው የጎደለውን ወጪ ሙሉ በሙሉ ስለሚሸፍኑ ነው። በግንቦት በወሰድኩት ኤስኤቲ (የአሜሪካ ኮሌጆች መግቢያ ፈተና) 1440 አግኝቻለሁ፤ ሒሳብ 780፣ ንባብና ጽሑፍ 660። በቶፍል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ ፈተና) ደግሞ 98 አለኝ፤ የጎተተኝ የንግግሩ ክፍል ነው፤ ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ተፈታኞች ድምፅ ረብሾኝ የጀመርኩትን ሐሳብ ሁለት ጊዜ ሳልጨርስ ሰዓቱ አልቋል።

አጎቴ የላከልኝ ገንዘብ ለአንድ ፈተና ብቻ የሚበቃ ነው። ዘመዶቼ «ቶፍልሽ 100 ካልሞላ ማመልከቻሽን አያነቡትም» ይሉኛል፤ የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ሁለቱንም ትቼ ኤሲቲ የሚባለውን ሌላ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና እንድሞክር ይመክሩኛል። ቤተሰቦቼን ሁለት ጊዜ ማስቸገር ስለማልፈልግ፣ በዚህ መንገድ ያለፋችሁ የትኛውን ብደግም እንደሚሻል ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ 1 (የኮሌጅ ተማሪ፣ ቦስተን)

እህቴ፣ እኔም ከአዲስ አበባ አመልክቼ የመጣሁ ስለሆነ ጭንቀትሽ ይገባኛል። ኤስኤቲውን ድገሚ፤ ቶፍሉን ተዪው። ሃርቫርድ ቶፍልን ግዴታ አያደርግም። ዬልም ቢሆን የእንግሊዝኛ ፈተና የሚፈልገው ቢያንስ ሁለት ዓመት በእንግሊዝኛ ካልተማሩ አመልካቾች ነው፤ በአገራችን ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ መሆኑን ብዙዎቻችን እንረሳዋለን። ስለዚህ ዘመዶችሽ የሚሉት 100 ለአንቺ ወሳኝ ላይሆን ይችላል። የኤምአይቲን መመሪያ ግን ከራሱ ገጽ ላይ ቃል በቃል አንብቢ፤ ካልገባሽም በኢሜይል ጠይቂያቸው። እኔ እንዲህ አድርጌ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግልጽ መልስ አግኝቻለሁ።

የኤስኤቲው ነገር ግን ከዚህ ይለያል። ኤምአይቲ በ2022፣ ዬልና ሃርቫርድ ደግሞ በ2024 የፈተና ውጤትን እንደገና ግዴታ ማድረጋቸውን አስታውቀዋል። ሦስቱም ከተለያዩ ቀናት ውጤቶች የየክፍሉን ከፍተኛ ስለሚወስዱ፣ በድጋሚው ሒሳብሽ ዝቅ ቢል እንኳ 780 ከእጅሽ አይወጣም። በኤምአይቲ ከሚገቡት ተማሪዎች የመካከለኛው ግማሽ ውጤት በሒሳብ ከ780 እስከ 800፣ በንባብና ጽሑፍ ከ740 እስከ 780 አካባቢ ነው። ክፍተቱ ያለው 660ው ላይ ብቻ ነው።

ኤሲቲን በተመለከተ፣ ኮሌጆቹ አንዱን ከሌላው አያስበልጡም። ለፈተናው ጥቂት ጊዜ ሲቀርሽ አዲስ ዓይነት ፈተና መጀመር ጊዜ ማባከን ይመስለኛል።

መልስ 2 (መምህር፣ አዲስ አበባ)

ልጄ፣ ከላይ የተሰጠሽ ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ምን እንደምትለውጪ ሳታውቂ ብትደግሚ ያንኑ 660 ይዘሽ ትመለሻለሽ። ንባብና ጽሑፍ 54 ጥያቄ በ64 ደቂቃ ነው፤ በሁለት ሞጁል ተከፍሎ የሁለተኛው ክብደት የሚወሰነው በመጀመሪያው አሠራርሽ ነው። በእያንዳንዱ ሞጁል የቃላትና የንባብ ጥያቄዎች ይቀድማሉ፤ የሰዋስውና የአያያዥ ቃላት ጥያቄዎች ወደ መጨረሻው ይመጣሉ። ብዙ ተማሪዎቼ ከባዱ ምንባብ ላይ ተቸክለው ሲቆዩ፣ ደንባቸው የተወሰነና በአጭር ጊዜ ሊጠኑ የሚችሉትን የሰዋስው ጥያቄዎች በችኮላ ነካክተው ያልፏቸዋል።

በተለይ አንድ ስሕተት በልጆቻችን ላይ አዘውትሬ አያለሁ። በአማርኛ ሁለት ሙሉ ዓረፍተ ነገሮችን በነጠላ ሰረዝ ብናያይዝ ማንም አይቆጣንም፤ በእንግሊዝኛ ግን ኮማ ብቻውን ይህን ማድረግ ስለማይችል ፈተናው ይህንኑ ደጋግሞ ይጠይቃል። እኔ ተማሪዎቼን የሳቱትን ጥያቄ ሁሉ በደብተር እያስጻፍኩ፣ አጠገቡ «ቃሉን አላወቅሁም»፣ «ደንቡን አላወቅሁም» ወይም «ሰዓት አጠረኝ» እንዲሉ አደርጋለሁ። የውጤት ሪፖርትሽም በአራት ዘርፎች ያለሽን አቅም በመስመር ርዝመት ያሳያል፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ዘርፎች (የሰዋስውና የአያያዥ ቃላት) መስመሮች አጭር ከሆኑ፣ ልትጨምሪ የምትችይው ብዙ ነጥብ አለ።

መልስ 3 (እናት፣ ሜሪላንድ)

የኔ ልጅ፣ ሁለቱን ልጆቼን በዚህ መንገድ አሳልፌያለሁ። በዋናው ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቶፍልን ከነጭራሹ መተው አይገባም ባይ ነኝ። ከእነዚህ ሦስት ኮሌጆች ውጭ ሌሎች መጨመርሽ አይቀርም፤ ከእነሱም 100ን እንደ ዝቅተኛ መለኪያ የሚይዙ አሉ። ውጤቱ ለሁለት ዓመት ስለሚያገለግል 98ቱን አስቀምጪው፤ የኮሌጆችሽ ዝርዝር ሲጠናቀቅ ያን ጊዜ ትወስኛለሽ። በዝርዝርሽ ውስጥ ጆርጅታውን ካለ ደግሞ የወሰድሻቸውን የኤስኤቲ ውጤቶች በሙሉ እንድትልኪ ስለሚጠይቅ፣ «እስቲ ልሞክረው» ብለሽ ሳትዘጋጂ አትግቢ።

ሌላው፣ ኤስኤቲው በራስሽ ላፕቶፕ፣ ብሉቡክ በሚባል የፈተና መተግበሪያ የሚሰጥ ነው። ባትሪው ሦስት፣ አራት ሰዓት መቆየቱን ቤት ውስጥ ቻርጀር ነቅለሽ ሞክሪው። አዲስ አበባ ያለው የእህቴ ልጅ በፈተናው መሐል መብራት ጠፍቶ፣ የደከመ ባትሪው 9 በመቶ ሲያሳየው ሐሳቡ ሁሉ ከጥያቄው ወጥቶ እዚያ ላይ ቀርቷል።

ከጠያቂዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሪፖርቴን ከፍቼ አየሁት፤ መምህር እንዳሉት የሰዋስው ዘርፍ መስመር ከሁሉም አጭሩ ነው። በመስከረም መጨረሻ ያለውን ኤስኤቲ ልመዘገብ ነው፤ ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል። የመጀመሪያው ዙር ማመልከቻ ኖቬምበር 1፣ ማለትም ጥቅምት 22 ስለሚዘጋ፣ በነሐሴ መፈተን ይሻለኝ ይሆን?

መልስ 2 (መምህር፣ አዲስ አበባ)

ቦታ ካገኘሽ በነሐሴ ተፈተኚ፣ ልጄ። የክረምቱ ወራት ትምህርት ስለሌለ ጊዜው ያንቺ ነው፤ መስከረም ግን በ12ኛ ክፍል ትምህርትና በማመልከቻ ድርሰቶች ይጨናነቅብሻል። የመፈተኛ ቦታ ቶሎ ስለሚያልቅ ምዝገባውን ዛሬውኑ ጨርሺ።